ለፈትሉ ነው ወይስ እንዲያው

ኑ ቀረብ በሉ ልጆቼ። አንተም ከበሩ ላይ አትቁም፣ ነፋሱ ይመታሃል፤ መደቡ ላይ ቦታ አለ። የማወራችሁ ረጅም አይደለም። ስለ እማሆይ ካሣነሽ ነው። ከቤተ ልሔም ደብር አጥር ሥር፣ በዚያች በትንሿ ጎጆ ይኖሩ ስለነበሩት መነኩሲት። እናንተ ምናልባት እንዝርታቸውን ታስታውሱ ይሆናል፤ እኔ ግን የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እኔ ያው እንደምታውቁኝ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልዘለቅሁም። መንገዱን ግን አውቀዋለሁ፣ ሰዉንም አውቀዋለሁ። እናም ቀበሌ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አያ ዋለ፣ ይምሩልን» ይለኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊትም ጥር ላይ፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አንዲት ልጅ መጣች። ቅድስት ትባላለች፣ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ ናት። ታብሌት ይዛለች፣ ጫማዋ ግን የከተማ ጫማ ነው፤ የመጀመሪያውን ቁልቁለት ስንወርድ ሶሉ አፉን ከፈተ። የጎረቤታችን የአለሙ ሚስት የራሷን የፕላስቲክ ጫማ ሰጠቻት። ሰፊ ስለነበረ ስትራመድ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ልጆቹ ከሩቅ እየሰሙ «ቆጣሪዋ መጣች» ይሉ ነበር።

ሥራዋ እንዲህ ነው። በየቤቱ ገብታ፣ የቤቱ ሰው ምን ያህል እንደሚያገኝ ትጠይቃለች። ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ባቄላውን፤ የተሸጠ በግ ካለ እሱን፤ ልጅ ከሩቅ የላከው ካለ፣ ዘመድ የሰጠው ካለ፣ ሁሉንም። ከዚያ ያገኙት ለቤቱ ሰው ይካፈልና፣ የእኛ የጋይንት ቤት ከጎረቤታችን ከእስቴ ቤት፣ የእስቴውም ከሌላው አገር ጋር እየተያየ፣ ማን በዛለት ማን አነሰበት የሚለው ይታወቃል አሉ። ደግ ሐሳብ ነው። እኔም በልቤ እሰይ ብያለሁ።

መጀመሪያ የገባነው አለሙ ቤት ነው። ሁለት ጥማድ በሬ ያለው፣ አፉ የማያርፍ፣ ሆዱ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው።

«ከዚህ ቤት የሚበላ ስንት ሰው ነው?» አለችው ቅድስት።

ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። «እኔ አለሁ። ሚስቴ። ልጆቹ። እረኛው። ደግሞ እማሆይ።»

«እናትዎ ናቸው?»

«እናቴማ ሞታለች። እማሆይ ናቸው እንጂ፣ እማሆይ ካሣነሽ!»

«ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?»

«ምኔ?» ወደ እኔ ዞረ። «አያ ዋለ፣ ይቺ ልጅ ምን እያለችኝ ነው? ከማዕዴ የሚቆርሱ ሰው ምኔ ይባላሉ?»

ቅድስት ፈገግ ብላ ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገች፤ ጻፈቻቸው።

ቀጥሎ ጌጤ ቤት ገባን። ጌጤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ናት። እሷም ገና ሳትጠየቅ፣ «ብቻዬን መስዬሽ ነው? እኔና እማሆይ ነን» አለች። ከዚያ የሺ ቤት። የሺ ልጆቿ ብዙ፣ መሬቷ ጥቂት ነው፤ ባሏ ቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል። የልጆቿን ስም ጠርታ ስትጨርስ፣ «ውይ፣ እማሆይን ረስቼ!» ብላ ጭኗን መታች።

ቅድስት ስትወጣ ያዘችኝ። «አያ ዋለ፣ እኚህ እማሆይ አንድ ናቸው ወይስ ሦስት?»

«አንድ ናቸው ልጄ። ተራ ነው። አንድ ሳምንት አለሙ ቤት፣ አንድ ሳምንት ጌጤ ቤት፣ አንድ ሳምንት የሺ ቤት ይበላሉ። ሲበሉ ለዚያ ቤት ይፈትላሉ። የሚያድሩት ከጎጇቸው ነው።»

«ታዲያ እንዴት ሦስቱም የኔ ናቸው ይላሉ?»

«የበላ ሁሉ የቤቱ ነዋ። በእኛ አገር እንደዚያ ነው» አልኳት። እሷም «አለቃዬን እጠይቃለሁ» ብላ እንዳለ ተወችው።

ስለ እማሆይ ትንሽ ልንገራችሁ። ባላቸው ቀድሞ ሞተ። ሴት ልጃቸው ወደ ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ተድራ ሄደች፤ መንገዱ ክፉ ነው፣ ከአንድ ሁለት ጊዜ በቀር አልመጣችም። ወንዱ ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ፤ አለ የሚልም ሞተ የሚልም ሰው ጠፋ። ከዚያ ቆብ ደፉ፤ የነበረቻቸውን ቁራሽ መሬት ለሴት ልጃቸው ሰጡና ከደብሩ አጥር ሥር ጎጆ ቀለሱ። ሰው አልጎዳቸውም። ግን ማታ ከበሉበት ቤት ሲወጡ፣ «ደህና እደሩ እማሆይ» ከተባሉ በኋላ፣ ያቺን ዳገት ሲወጡ አይቻቸው አውቃለሁ። አይቸኩሉም። የሚጠብቀው ሰው የሌለው ሰው አረማመዱ ይታወቃል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አጥሩን ተደግፈው ሲፈትሉ አገኘኋቸውና ደስ ይበላቸው ብዬ ነገርኳቸው።

«እማሆይ፣ ቆጣሪዋ ሦስት ቤት ጻፈችዎት።»

እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ። «እኔን? ማን ነኝ ብለዋት?»

«የኛ ናቸው ብለው ነዋ።»

«አለሙም?»

«እሱማ አንደኛ!»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አደረጉት፤ ሲስቁ ጥርስ እንደሌላቸው እንዳይታይ እንዲያ ያደርጋሉ። ከዚያ፣ «በአለሙ ቤት ከማን ቀጥዬ ተጻፍኩ?» አሉኝ።

«ከእረኛው ቀጥለው።»

«ከእረኛው በኋላ?» ተከፉ እንዳልል ዓይናቸው ይስቃል። «ይሁን። እሱም ቀድሞኝ ነው የመጣ። በየሺስ ቤት?»

«ከልጆቹ ሁሉ በኋላ። ረስታዎት ነበር፣ ኋላ ጭኗን መታች።»

«እሷማ የወለደቻቸውንም ትረሳለች» አሉ። እንዲህ ሲጫወቱ ከዚያ በፊት ሰምቻቸው አላውቅም። ስሄድም ከኋላዬ ጠሩኝ። «ዋለ፣ አይሰርዙትም አይደል? ከተጻፈ ተጻፈ ነው?»

«ተጻፈ ነው» አልኩ። ያወቅሁ መስሎኝ ነው።

በማግስቱ ቅድስት ኔትወርክ ለመያዝ ከጉብታው ላይ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። አለቃዋ ከደብረ ታቦር ደወለላት። ድምፁን ከፍታው ስለነበር እሰማለሁ።

«ቅድስት፣ ይቺ ካሣነሽ የምትባል ሴትዮ ሦስት ሆድ አላት እንዴ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳት። ክፉ ሰው አይመስልም። «አንድ ሰው የሚቆጠረው አንድ ቦታ ነው። እስቴ ላይ እንዲህ ያሉትን መነኮሳት በየጎጇቸው ለብቻቸው ጽፈናቸዋል። አንቺ ደግሞ በሰው ቤት ውስጥ ከጻፍሻቸው፣ ጋይንትና እስቴን እንዴት ብለን እናስተያያለን? የሚያድሩበትን፣ እሳት የሚያነዱበትን እይ። ደግሞ የሚበሉት የፈትል ዋጋ ነው ወይስ እንዲያው የሚሰጣቸው ነው? እሱ ለየብቻ ነው የሚጻፈው። ቤቶቹንም እሳቸውንም ጠይቀሽ ለይልኝ።»

ተመልሰን ወረድን። በዚያች በአንድ ሌሊት ግን ወሬ ቀድሞናል። ከገበያ የተመለሰ ሰው፣ «ይሄ ቆጠራ በነፍስ ወከፍ መዋጮ ሊያስከፍል ነው» ብሎ አውርቶ ኖሯል። እውነት አይደለም፤ ቅድስት ምላ ተገዝታለች። ግን ወሬ አንዴ ከገባ በመሐላ አይወጣም።

አለሙ ገና ከበሩ ላይ እጁን አወዛወዘ። «ልጄ፣ እማሆይን ሰርዢያቸው።»

«ትናንት የኔ ናቸው ብለው ነበር እኮ።»

«ትናንት ሳላስብ ነዋ! ለማዕድ የኔ ናቸው፣ ለመዋጮ ግን አይደሉም።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ተው» አለችው ከውስጥ። እሱ ግን አፉ ከቀደመው መመለስ አያውቅም።

«እንግዲያው የሚያበሏቸው እንዲያው ነው ወይስ ለፈትላቸው?» አለች ቅድስት ታብሌቷን እያየች።

«ለፈትሉ ነዋ! ይፈትላሉ፣ ይበላሉ። ሠራተኛ በያቸው፣ ተይው በቃ።»

ያ ሳምንት የአለሙ ተራ ነበር ልጆቼ። እኔም አላሰብኩት፣ እሱም አላሰበው። ከገለባው ክምር ጀርባ፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት በኩል፣ እማሆይ ብድግ አሉ። ቀሚሳቸው ላይ ያለውን ገለባ አራገፉ። እጃቸው ላይ የፈተሉት ልቃቂት አለ። ዝግ ብለው መጡና ከበሩ ደፍ ላይ አስቀመጡት።

«ይኸው የዛሬው» አሉ።

ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዳገቱን ያዙት። የአለሙ ፊት ምን እንደመሰለ ልነግራችሁ አልችልም፤ አፉን ከፈተ፣ ያ የማያርፍ አፍ ቃል አጣ። ሚስቱ «እማሆይ! እማሆይ!» እያለች በባዶ እግሯ እስከ አጥሩ ድረስ ሮጠች። አልዞሩም።

ቅድስት አለቀሰች። «ልተወው አያ ዋለ» አለችኝ። መተው ግን አይቻልም፤ ሥራ ነው። ጌጤ ቤት ሄድን። ጌጤ መዋጮውን ሰምታለች፤ ግን እንደ አለሙ አልደነገጠችም። ለስለስ ብላ፣ «ለነፍሴ ነው የማበላቸው። የሟቹን ነፍስ ያስቡልኛል። ምጽዋት ብለሽ ጻፊ» አለች። ደግ ነገር የተናገረች ነው የመሰላት። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ፤ «እኔና እማሆይ ነን» ያለችው ትናንት ነው።

የሺ ጎተራዋን ስትመርግ ደረስን፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

«እማሆይ ያንቺ ቤት ሰው ናቸው?» አለቻት ቅድስት። ድምፅዋ ያንሳል።

«ትናንት ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«መዋጮ አለ እየተባለ ነው እኮ የሺ» አልኳት እኔ፣ ኋላ እንዳትጸጸት።

«ይምጣ! እዚህ ቤት ገብቶ የሚያገኘውን አያለሁ» አለችና ሳቀች። «ይህን ሁሉ አፍ ይዤ በሳቸው አፍ ልሰስት? ጻፊያቸው፣ ጻፊያቸው።»

ተስፋ አደረግሁ። ቅድስትም ዓይኗ በራ። ወደ እማሆይ ጎጆ ስንወጣ መንገድ ላይ፣ «በየሺ ቤት እጽፋቸዋለሁ። እዚያ ያድራሉ ብዬ አንዷን ቃል ብቀይር ማን ያያል?» አለችኝ። እኔ ምን እላለሁ? እየመራኋት ወጣሁ።

እማሆይ ከጎጇቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቅድስትን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ነይ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? ተቀመጪ» አሏት።

ልጅቱ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። «እማሆይ፣ የሺ የኔ ናቸው ብላለች። በእሷ ቤት እጽፍዎታለሁ።»

ፊታቸው ላይ ብርሃን አለፈ። አየሁት፣ ልጆቼ። ቶሎ ብለው ግን መልሰው ያዙት። «ስትጽፊኝ የየሺ ቤት ምን ይሆናል?» አሉ።

«ምንም አይሆንም።»

«እውነቱን ንገሪኝ። ይህን ያህል መንገድ የመጣሽው ለምንም አይደለም።»

ቅድስት ትንሽ አመነታች። ከዚያ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። «የየሺ ገብስ ለተጨማሪ ሰው ይካፈላል፤ ከኑሮዋ በታች ሆና ትታያለች። የእርስዎ ጎጆ ደግሞ ከነጭራሹ አይታይም። እስቴ ላይ እንደ እርስዎ ያሉት ለብቻቸው ተጽፈዋል። ስናስተያየው እስቴ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶች አሉ፣ ጋይንት የሉም ይመስላል።»

«የሉም ይባላል?»

«እንደዚያ ይመስላል።»

እማሆይ ወደ ቀጣዩ ጎጆ አዩ። እዚያ ዓይናቸው የታመመ፣ ከደጅ የማይወጡ ሌላ መነኩሲት አሉ፤ እማሆይ የኔነሽ። ቆሎም ሆነ ውኃ የሚያቀብላቸው ማን እንደሆነ እግዜር ያውቃል።

«የኔነሽን ጻፍሻት?»

«ዛሬ ከሰዓት ነው የምጽፋቸው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻቸውን።»

እማሆይ ካሣነሽ እንዝርታቸውን ከጎናቸው አኖሩ። ከደብሩ ውስጥ የተማሪዎች ዜማ ይሰማል፤ አንዱ ይስታል፣ መምህሩ ይመልሱታል። ከዚያ፣ «እኔ በየሺ ቤት ብገባ፣ እዚህ አጥር ሥር ያለችው ብቸኛ የኔነሽ ብቻ ትሆናለች» አሉ። «አይሆንም። እሷን ብቻዋን አልተዋትም። ጻፊኝ ልጄ፣ ብቻዬን።»

«እማሆይ፣ ካልፈለጉ…»

«ፈልጌ አይደለም» አሉ። «ነኝ እንጂ።»

ቅድስት ታብሌቱን ከፈተች። «የቤቱ እማወራ ማን ናት?» ማለት ነበረባት፤ አለች።

እማሆይ በሚገርም ሁኔታ ሳቁ። «እኔ ነኛ! ማን አለና?»

ከዚያ የምግቡ ጥያቄ መጣ። የአለሙ ቤት ምግብ የሥራ ዋጋ ተባለ። የጌጤው ስጦታ ተባለ። እማሆይ ሁለቱንም አልተቃወሙም፣ «እነሱ ያሉትን ጻፊ» ብቻ አሉ። የየሺው ቀረ።

«የየሺስ? ለፈትሉ ነው ወይስ እንዲያው?»

እማሆይ እንዝርቱን ከጎናቸው አነሱና በጣታቸው መሐል ያገላብጡት ጀመር። ለብዙ ዓመታት ሲበሉ ሲፈትሉ፣ ሲፈትሉ ሲበሉ፣ ይቺን ጥያቄ ጠይቆ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ራሳቸውንም ጠይቀው አያውቁም።

«አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «አላውቅም የሚልም ቦታ አለው?»

«አለው» አለች ቅድስት።

«እንግዲያው እሱን በይልኝ። የሺን መጠየቅ አልፈልግም።»

ቅድስት በማግስቱ ሄደች። ጫማውን ለአለሙ ሚስት መለሰች፣ ጉልበቴን ስማ ተሰናበተችኝ። ጥያቄው ግን ከእሷ ጋር አልሄደም ልጆቼ፤ እዚሁ ከእኛ ጋር ቀረ።

እማሆይ ተራቸውን አላቋረጡም። ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አለሙ ቤት መጀመሪያ ፈትለው ልቃቂቱን ካላስረከቡ ምግብ አይነኩም፤ ጉንፋን ይዟቸው ፈትላቸውን ካልጨረሱ ጾማቸውን ይውላሉ። ጌጤ ቤት እንዝርት ይዘው አይገቡም፤ ይበላሉ፣ የሟቹን ነፍስ ይማር ይላሉ፣ ይወጣሉ። አለሙ ሽማግሌ አድርጎ ላከኝ። «አፌ ነው፣ ልቤ አይደለም በልልኝ አያ ዋለ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሄጄ ነገርኳቸው።

«ምን አጠፋ?» አሉኝ። «ክፉ አልተናገረኝም። ይቅር ብዬዋለሁ፣ ምሳውም ይጣፍጣል በለው።» ከልባቸው ነው። ቂም አልያዙም። ግን ልቃቂቱን ከደፉ ላይ ማኖራቸውን አልተዉም።

የሺ ቤትስ? እዚያ እንደ ድሮው ነው፤ ሕፃን አቅፈው ይፈትላሉ፣ ከልጆቹ ጋር ተሻምተው ይበላሉ። አንዳንዴ ብቻ፣ እንጀራው ሲቀርብ፣ የሺን ቀና ብለው ያይዋታል። ሊጠይቋት የፈለጉ ይመስላል። የሺ «ምነው እማሆይ፣ ጨው አነሰው?» ትላለች። «የለም፣ ደህና ነው» ይላሉ። እስከ መጨረሻው አልጠየቁም። አምና በኅዳር ዐረፉ፤ ሦስቱም ቤት አለቀሰ፣ እማሆይ የኔነሽም በሰው ተደግፈው ወጥተው አለቀሱ።

ያ ቆጠራ ውጤቱ አንድ ቀን በራዲዮ ይነገር ይሆናል። በዚህ አገር ብቻውን የሚኖር ይህን ያህል ቤት አለ፣ ገቢውም ይህን ያህል ነው ይሉ ይሆናል፤ ትክክል ነው ቁጥሩ፣ ልጅቱ በደንብ ለይታ ጽፋለች። እናንተ ስትሰሙት እህል እየበላችሁም ቢሆን፣ መንገድ ላይም ብትሆኑ፣ ለአፍታ ቆም በሉልኝ። ከዚያ ቁጥር ውስጥ አንዷ እማሆይ ካሣነሽ እንደሆኑ፣ በሰው ቤት መጻፍ እየቻሉ ጎረቤታቸውን ብቻዋን ላለመተው ብለው እንደተጻፉ አስታውሱልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።